በአሲዳማ አፈር ላይ በቃል የሚጠና ኬሚስትሪ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስንቱ አለፈ የሚል ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከሺህ በላይ ናቸው። ቁጥሩ ሲወጣ ጥፋተኛ ፍለጋው ይጀመራል። ኩረጃ የለመደ ትውልድ ነው የሚል አለ፤ መምህሩ ላይ የሚያላክክ አለ፤ ኮሮናንና ጦርነቱን የሚያነሳም አለ። ሁሉም ከፊል እውነት ይዟል። ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል፤ ተማሪው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በተቀመጠባቸው አራት ዓመታት ምን ሥራ እንዲሠራ ተጠየቀ? ይህን ጥያቄ በኬሚስትሪ ትምህርት ላይ፣ ያውም ከወለጋ ከተሞች፣ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከደምቢ ዶሎና ከሻምቡ አንጻር ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኬሚስትሪ እጅ ካልነካው ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ወለጋ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነገር በየማሳውና በየፋብሪካው የሚገኝበት ምድር ነው። ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። ተማሪው በዓመት ጥቂት ሙከራዎችን በገዛ እጁ እንዲሠራና ያየውን በራሱ ቃል እንዲጽፍ ይገደድ፤ ለዚህም ሊንቀው የማይችለው ያህል ነጥብ ይሰጠው፤ ጊዜው ደግሞ ከሌላው ሥራ ላይ ተቀንሶ ይምጣ።

አሁን ያለውን እንመልከት። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ስለ ኬሚስትሪ የሚነገረው የነጥብ ክፍፍሉ ነው፤ ቴስት ይህን ያህል፣ የቤት ሥራና የክፍል ሥራ ይህን ያህል፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፋይናል። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር በሐሳብ ደረጃ መልካም ነው፤ ልጁ በአንድ ቀን ፈተና ብቻ እንዳይመዘን የታሰበ ነው። በተግባር ግን ቴስቱም፣ ሚዱም፣ ፋይናሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ ከአራት ፊደል አንዱን መምረጥ። ደብተር የሚታረመው ከሰሌዳ ሙሉ በሙሉ መገልበጡን ለማየት ነው። የቡድን አሳይመንት በአንድ ልጅ ተጽፎ የአምስት ልጆች ስም ይደረደርበታል፤ ‹‹አንድ ለአምስት›› ከተባለው አደረጃጀት የተረፈን ይኸው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በየምዕራፉ ያሉት ሙከራዎች ‹‹ራሳችሁ አንብቡት›› ተብለው ይታለፋሉ፤ አለዚያም መምህሩ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ተማሪው ያላየውን ቀለም ‹‹ወደ ሰማያዊ ተቀየረ›› ብሎ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ይህ ከሁሉም የከፋው ልማድ ነው። ሳያዩ አየሁ ብሎ መጻፍን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ ነጥብ እየሰጡ ማስተማር ነው።

‹‹ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ልጆቹን ምርጫ ብናለማምድ ምን አጠፋን?›› የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ሙግት የሚያዋጣው ልምምዱ ፍሬ አፍርቶ ቢሆን ነበር። አራት አማራጭ ባለው ፈተና ጥያቄውን ሳያነብ የሚያጠቁር ተማሪ እንኳ በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል፤ የማለፊያው ልክ 50 ነው። ፈተናው የ2014ቱ ከተሰጠበት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስዶ ኩረጃው ሲጠብ የታዩት መቶኛዎች፣ ለዓመታት በሾርት ኖትና በሞዴል ፈተና ሲለማመዱ የኖሩ ልጆች ውጤት ናቸው። ምርጫን ብቻ የለመደ ልጅ ምርጫውንም ሲስት አየን። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የፒኤች ቀመርን በቃሉ የያዘ ተማሪ ‹‹የአንድ አፈር ፒኤች ከ4.5 ወደ 6.5 ከፍ ቢል የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በስንት እጥፍ ይቀንሳል?›› ሲባል ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሶ ‹‹በሁለት›› የሚለውን ያጠቁራል። መልሱ መቶ እጥፍ ነው። ፒኤች በአንድ ሲለወጥ መጠኑ በአሥር እጥፍ እንደሚለወጥ የሚገባው፣ አንድን መፍትሔ አሥር እጥፍ፣ ከዚያም እንደገና አሥር እጥፍ አቅጥኖ በየደረጃው የለካው ልጅ ነው።

ስለ አፈር ያነሳሁት ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም፤ ወለጋ ውስጥ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ምዕራብ ኦሮሚያም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ነቀምቴ የአፈር ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። የጉዳዩ አካሄድ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ኬሚስትሪ ግማሹን ያካትታል። ብርቱ ዝናብ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ፖታሲየምን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል፤ በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀራሉ። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያሳጥራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። ዩሪያው ራሱ አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ተጨማሪ አሲድ ይለቃል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ካልሲየም ካርቦኔቱ ከሃይድሮጅን አዮኑ ጋር ሲገናኝ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ አሉሚኒየሙም ወደማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ ተለውጦ ይዘቅጣል። እዚህ ውስጥ አዮን አለ፣ የአሲድና የቤዝ ሚዛን አለ፣ መሟሟትና መዝቀጥ አለ፣ ስቶይኪዮሜትሪ አለ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ በቃሉ አጥንቶ የሚወጣ የነቀምቴ ተማሪ፣ አባቱ ለምን ኖራ እንዲበትን እንደሚመከር ማስረዳት ካልቻለ ጉድለቱ የልጁ ጭንቅላት ላይ አይደለም። እንዲያገናኘው የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ከዚህ ምን ዓይነት የቤት ሥራ ይወጣል? ተማሪው ከቤቱ ጓሮ ወይም ከዘመድ ማሳ ሁለት ጣሳ አፈር ያመጣል። አንደኛው ላይ የተመዘነ ኖራ ይቀላቅላል፤ ሁለቱንም እያረጠበ ለአራት ሳምንታት ያቆያል። በየሳምንቱ ጥቂቱን በዝናብ ውሃ በጥብጦ፣ ሲጠል ውሃውን በፒኤች ወረቀት ይለካል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ጣሳ ላይ ገብስ ዘርቶ ሥሩን ያነጻጽራል። ኖራ በአንድ ቀን እንደማይሠራ የሚረዳው ያኔ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ብቸኛ የሚገዛ ዕቃ የፒኤች ወረቀቱ ነው። ኖራውንና ምክሩን ከወረዳ ግብርና ባለሙያ ማግኘት ይቻላል፤ ባለሙያው ክፍል ድረስ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዳ ደግሞ ከብዙ ገጽ ኖት የበለጠ ይጠቅማል።

ሌላው ሙከራም ርካሽ ነው፤ ስለ ውጤት መጻፍ ምን ማለት እንደሆነም በደንብ ስለሚያሳይ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። 2 ግራም በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ከሱቅ የሚገዛ 80 ሚሊ ሊትር ያህል አቼቶ፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን። ይህን ዓይነቱን ሚዛን ወርቅ ሠሪዎች ስለሚጠቀሙበት በወለጋ ከተሞች ብርቅ አይደለም። ቅርፊቱ በሙሉ ካልሲየም ካርቦኔት ቢሆን ኖሮ 2 ግራሙ 0.02 ሞል ነው፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 0.02 ሞል፣ ማለትም 0.88 ግራም ይሆናል። ስለዚህ አረፋው ሲያበቃ የኩባያው ክብደት በ0.88 ግራም መቀነስ ነበረበት። ግን ያን ያህል አይቀንስም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው የሚጎድለው። ለምን? ቅርፊቱ ንጹሕ ስላልሆነ፣ ከጋዙ ከፊሉ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር፣ ደቃቁ ቅርፊት በሙሉ ሳይጨርስ ስለተመዘነ። ኩባያው ክፍት ሆኖ ካደረ ደግሞ ውሃው ስለሚተን ቁጥሩ በሌላ አቅጣጫ ሊሳሳት ይችላል። ከተማሪው የሚጠበቀው ትልቁ ሥራ ይህን ልዩነት ማብራራት እንጂ 0.88ን ማግኘት አይደለም። እንዲያውም ልክ 0.88 ብሎ የጻፈ ልጅ ሚዛኑን ሳይሆን ቀመሩን እንዳየ መምህሩ ወዲያው ያውቃል። ስለ ኩረጃ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስድሳ ልጆች ስድሳ የተለያየ ቁጥር የሚያመጡበት የቤት ሥራ ሲገለበጥ ያስታውቃል።

የ12ኛ ክፍል ሦስተኛው ምዕራፍ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ አለ። የሸንኮራው ጭማቂ የሚጣራው በኖራ ውሃ አሲዱ እየተገደለ ነው፤ ከሞላሰሱ ኤታኖል ይወጣል። በምዕራብ ወለጋ ደግሞ ፕላቲኒየም የወጣባት ዩብዶ አለች፤ ያው ፕላቲኒየም በመጽሐፉ የናይትሪክ አሲድ አሠራር ላይ አሞኒያውን ለማቃጠል በካታሊስትነት የሚጠቀሰው ነው። ሻምቡ ላይ የሚማር ልጅ ስለ ፊንጫ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ሳይጠየቅ 12ኛ ክፍልን መጨረሱ ያስገርመኛል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ተቃውሞ ቤተ ሙከራ የለንም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ክፍሉ ቢኖርም ኬሚካሉ የለም፣ ኬሚካሉ ቢኖርም ጊዜው አልፏል፣ ቁልፉ ያለው ሰው ተቀይሯል። ነገር ግን ቤተ ሙከራ እስኪሟላ መጠበቅ በተግባር ለዘላለም መጠበቅ ሆኖብናል። በደቡብ አፍሪካ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ራድማስቴ ማዕከል በጠብታ መጠን የሚሠሩ ርካሽ የማይክሮ ሳይንስ መሣሪያዎችን አዘጋጅቷል፤ ዩኔስኮም አሠራሩን በብዙ ታዳጊ አገሮች አስተዋውቋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሙከራው በሊትር ሳይሆን በጠብታ ከተሠራ ወጪውም አደጋውም ይቀንሳል። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ በሎሚ ቀልቶ፣ በአመድ ውሃ አረንጓዴ መስሎ ሲታይ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ያለው ጥቅም ከውጭ ከሚገዛ ኢንዲኬተር አያንስም። ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ኩሽና ውስጥ ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህንን አንድ ነገር ብቻ በክፍል አውቆ የወጣ ልጅ እንኳ ቤተሰቡን ይጠቅማል። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድና መሰሎቹ ያለ መከላከያ አይነኩ፤ እነሱን በሥዕልና በንግግር ማስተማሩ በቂ ነው።

በቴሌቪዥን ማሳየትስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ይህ በሰፊው ተሞክሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ኬሚስትሪን ጨምሮ ብዙ ትምህርቶችን በሳተላይት ወደ ክፍል አስገባ። ተማሪው ንጹሕ ቤተ ሙከራ፣ ያማረ ብልቃጥና የተሳካ ሙከራ አየ፤ ማስቆም፣ መጠየቅና መሳሳት ግን አልቻለም። የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ የእሱ ድርሻ መገልበጥ ሆነ። ዛሬ በስልክ የሚታየው ቪዲዮ ከዚያ ይሻላል፣ መልሶ ማየት ይቻላልና፤ ነገር ግን ሙከራው ሲበላሽ ለምን ተበላሸ የሚለውን ጥያቄ ተማሪው ላይ አይጥልም።

የመምህሩ ሸክም ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ቢኖር፣ መምህሩም አምስት ሴክሽን ቢይዝ፣ አንድ ሙከራ 300 ሪፖርት ነው። በዓመት አራት ሙከራ 1,200 ወረቀት ማለት ነው፤ ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከማይሸፍንለት ሰው ላይ ይህን ያለ ምንም ለውጥ መጫን ግፍ ነው። ስለዚህ ሌላው መቀነስ አለበት። ሪፖርቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ መምህሩም በሁለት ነገር ብቻ ይመዝነው፤ ተማሪው የለካውን በግልጽ አስፍሯል ወይ? ውጤቱ ከተጠበቀው ለምን እንደተለየ የራሱን ምክንያት ሰጥቷል ወይ? የደብተር ምርመራና የቡድን አሳይመንት ይቅር፤ የሚያስተምሩት ነገር ትንሽ ነው፣ ጊዜ ግን ይበላሉ። ሴክሽኖቹ በተለያየ ሳምንት ይሥሩ፣ ወረቀቱ በአንድ ጊዜ እንዳይከመር። ርዕሰ መምህሩ ይህን ካልደገፈ፣ ሱፐርቫይዘሩም ‹‹ምዕራፉ የት ደርሷል?›› ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ መምህሩ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

ቋንቋውም አለ። የኦሮሚያ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ 9ኛ ሲገባ ኬሚስትሪን ራሱን ችሎ የቆመ ትምህርት ሆኖ ሲያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ ትምህርትና አዲስ ቋንቋ በአንድ መስከረም። ‹‹በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የማይችል ልጅ ሪፖርት እንዴት ይጽፋል?›› ለሚለው መልሴ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ የሚል ነው። ያየውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይጻፍ፤ ከዚያ የዕቃዎቹን ስምና የውጤቱን ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ ያስፍር፤ በ10ኛ ክፍል ሁለተኛ አጋማሽ ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ ያሸጋግር። ነቀምቴ ለዚህ እንግዳ ከተማ አይደለችም፤ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ከመቶ ዓመት በፊት ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ ያስተማሩባት ናት። ማሰብ የሚቀድመው በሚያውቁት ቋንቋ መሆኑን እነሱ በሥራ አሳይተዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የወለጋ ዞኖች ላለፉት ዓመታት በግጭት ውስጥ የኖሩ ናቸው። ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ወራት ነበሩ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው፣ ቤተሰብ የተፈናቀለባቸው ወረዳዎች ነበሩ። ‹‹የባከነውን ምዕራፍ መሸፈን ሳንችል ሙከራ ቅንጦት ነው›› የሚል ርዕሰ መምህር ሊወቀስ አይገባም። ሆኖም ምዕራፍ መሸፈን የሚባለው ነገር ምን እንደሚሸፍን ማየት ያስፈልጋል። ግማሽ ዓመት የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁለት ምዕራፍ በአንድ ሳምንት በሰሌዳ ላይ ሲሮጥ መምህሩ ይጨርሳል፤ ተማሪው ግን አልጀመረም። እንዲህ ባለ ዓመት ሦስት ምዕራፍ በሙከራና በጽሑፍ መማር ስድስት ምዕራፍ ከመገልበጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሞልን፣ አዮንንና ሚዛናዊ እኩልታን የተረዳ ልጅ የቀረውን ብቻውን ማንበብ ይችላል።

ይህ አሠራር ሥር እንዲይዝ ሁለት አካላት መንቀሳቀስ አለባቸው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላቸውን ተማሪዎች በማካካሻ ፕሮግራም መቀበል የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ችግሩን ከታች መያዝ የራሱም ጥቅም ነው። ስድስት ወይም ስምንት ከአካባቢው ዕቃ ጋር የሚስማሙ ሙከራዎችን ፈትሾ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያቸውን ጽፎ፣ የአራቱን የወለጋ ዞኖች መምህራን በክረምት ማሠልጠን ከአቅሙ በላይ አይደለም። ሁለተኛው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ላይ ኬሚስትሪን በሦስት ወረቀት ትፈትናለች፤ ሦስተኛው ወረቀት ተማሪው ቆሞ በእጁ የሚሠራው ነው። እኛ ከዚያ ሩቅ ነን፤ ነገ ይጀመር ማለትም አይቻልም። ምርጫው ሳይቀየር ግን የጥያቄውን ዓይነት መቀየር ይቻላል፤ የአንድ ሙከራ የመረጃ ሠንጠረዥ ቀርቦ ‹‹ይህ ቁጥር ከተጠበቀው ያነሰው በየትኛው ምክንያት ነው?›› ብሎ መጠየቅ፣ ሁለት ተማሪዎች ያገኙትን የተለያየ ውጤት አቅርቦ የማን ልኬት እንደሚታመን ማስመረጥ። ከጠቅላላው ጥያቄ አሥር ያህሉ እንደዚህ ቢሆንና ይህም ከአንድ ዓመት በፊት ለትምህርት ቤቶች ቢነገር፣ የቲቶሪያል ቤቶች ጭምር ልጆችን የእንቁላል ቅርፊት ያስፈጯቸዋል።